ከዓይኗ ሥር ያለው መስመር

ወስዶ ለመለሰኝ አምላክ ምስጋና ይግባውና፣ ይህን የምጽፈው ሐዋሳ ቤቴ ገብቼ፣ እግሬን ጨው በጨመርኩበት ለብ ያለ ውሃ ነክሬ ነው። ባለፈው ሰንበቴ ላይ «ንገሪን እንጂ!» ስትሉኝ ሁለት ቃል ተናግሬ ዝም ማለቴን አንዳንዶቻችሁ ኩራት አድርጋችሁ ወስዳችሁት ይሆናል። ኩራት አይደለም። በአፌ ስናገር ነገሩን ከመሃሉ ጀምሬ አበላሸዋለሁ። የመንገዱን ወጪ እናንተ ናችሁ የሸፈናችሁልኝ፤ ስለዚህ ከመነሻው ልንገራችሁ።

አጎቴ መምሬ ኪሮስ፣ የእናቴ ወንድም፣ ስልክ የደወሉልኝ በጥቅምት መጀመሪያ ነበር። የተወለድኩት ከሰቆጣ ወደ ፃግብጂ አቅጣጫ ባለች የገጠር ማርያም ሥር መሆኑን ታውቃላችሁ፤ እሳቸው እስከ ዛሬ እዚያው ያገለግላሉ። «ወለተ ሐና» አሉኝ፣ በክርስትና ስሜ ነው የሚጠሩኝ፤ «ግድግዳው ተሰንጥቋል። በመጪው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጣሪያውን እናወርዳለን፣ ከዚያ ግድግዳው ይፈርሳል። ሥዕሏ ደግሞ ልስኑ ላይ ነው የተሣለችው፤ ተነቅላ አትወጣም። ፎቶ አንሺ ሆናለች ብለውኛል። ነይና አንሺልን። ሰቆጣ ያለው ሠዓሊ ከፎቶው እያየ በሸራ ይሥላታል።»

እንግዲህ አስቡት። ሥዕሏ ትጠፋለች፤ የምትተርፈው እኔ ባነሳሁት ልክ ነው። እኔ ያበላሸሁት ነገር ቢኖር ሠዓሊው ያንኑ ይሥለዋል፣ ሕዝቡም ለዘመናት ያንኑ ይሳለመዋል። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የሚባል ነገር ከእኔ ራቀ።

በእኛ ፎቶ ቤት እኔና አለቃዬ የማንስማማበት አንድ ነገር አለ፤ እሱን ሳላስረዳ ብሄድ ጉዞው አይገባችሁም። ዲጂታል ካሜራ ያነሳው ፎቶ በባሕርዩ ትንሽ ለስላሳ ነው። ስለዚህ «ሻርፕ» ይደረጋል። ሻርፕ ማድረግ ማለት ጨለማና ብርሃን የሚገናኙበትን ጠርዝ እየፈለጉ ጨለማውን ትንሽ ማጥቆር፣ ብርሃኑን ትንሽ ማንጣት ነው። ያኔ ዓይን ይታለልና «ጠራ!» ይላል። ይህን ካሜራው ራሱ፣ ገና ሲያነሳ ሊሠራው ይችላል፤ ወይም ካሜራውን «አንተ ተው» ብለሽ በኋላ በኮምፒውተር፣ በሶፍትዌር፣ ቀስ እያልሽ በእጅሽ ታደርጊዋለሽ። አለቃዬ ካሜራው ይሥራው ባይ ነው። «ተመራቂው ወረፋ ይዞ ቆሟል፤ አንቺ ኮምፒውተሩ ላይ ዳዊት ትደግሚያለሽ?» ይለኛል። እኔ ደግሞ ካሜራው የጨመረው ተመልሶ አይወጣም ባይ ነኝ፤ ወጥ ውስጥ እንደገባ ጨው ነው። በሶፍትዌር ሲሆን ግን ጨመር አድርጌ አያለሁ፣ ከበዛ እቀንሳለሁ። ካሜራዬ እንደ እድል ሆኖ አንዱን ፎቶ በሁለት ዓይነት ያስቀምጣል፤ አንዱ ካሜራው የሠራው፣ ሌላው ያልተነካ ጥሬው። ጥሬውን ማየት የሚቻለው በኮምፒውተር ብቻ ነው። ይህችን ነገር ያዙልኝ።

ሰኞና ማክሰኞ

ከሐዋሳ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ወልዲያ፤ ስለዚህ ብዙ የምለው የለኝም። አውቶቡስ ላይ ካሜራውን ጭኔ ላይ፣ ላፕቶፑን እግሬ መሃል አድርጌ ተቀመጥኩ። ጎኔ የተቀመጡት ሴትዮ በየከተማው «ምግብ ብዪ እንጂ ልጄ» ይሉኛል፤ እኔ የጽጌን ጾም ይዣለሁ፤ እሳቸው ደግሞ «የፈቃድ ጾም እኮ ነው፣ መንገደኛ አይጾምም» እያሉ ሙዝ ይልጡልኛል። ሙዙ ጾም አይገድፍምና በላሁት። እስከ ወልዲያ በሙዝ ነው የደረስኩት።

ወልዲያ ሌሊቱ ይበርዳል። እኛ ዘንድ ማታ መስኮት የሚከፈተው ነፋሱ ከሐይቁ እንዲገባ ነው፤ እዚያ ግን አልጋ ያከራየችኝ ልጅ የመስኮቱን ስንጥቅ በጋዜጣ ደፍና፣ «አይዞሽ፣ ገና ምኑን አየሽ» አለችኝ።

ረቡዕ

ከወልዲያ በላሊበላ በኩል ወደ ሰቆጣ ነው መንገዱ። ላሊበላን እንዴት ታልፊያለሽ ትሉኛላችሁ። አለፍኩት፤ በሚኒባስ መስኮት ተሳልሜ አለፍኩት። ልቤ እሑድ ላይ ነበር።

ከዚያ ወዲያ አስፋልቱ ቀርቶ ጠጠር መንገድ ሆነ። አንድ ኬላ ላይ ሁላችንንም አስወረዱን። ፈታሹ የእኔን ቦርሳ ከፍቶ ካሜራውን አወጣ፤ ጎልማሳ ሰው ነው፣ ፂሙ ገብስማ።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ካሜራ ነው።»

«እሱማ አየሁት። ምን ልታነሺበት ነው?»

«ማርያምን።»

«ማርያምን!» ብሎ ወደ ጓደኞቹ ዞረ። «ሰማችሁ? ማርያምን ላነሳ ነው የምትለው! ነግረሻታል? ትጠብቅሻለች?»

ሁሉም ሳቁ። እኔ ግን ካሜራውን ያስቀርብኛል ብዬ የሥዕሏን ነገር ከመነሻው አስረዳሁት። ገባውና «እስቲ እኔን አንሺኝ፤ መሥራቱን ልይ» አለ። አነሳሁት። በካሜራው ትንሽ መስኮት ላይ ራሱን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ።

«እኔ ይህን ያህል ተሸብሽቤያለሁ እንዴ?»

አየሁት። እውነትም በግንባሩ ላይ የሌለ ሽብሽብ ተደርድሯል። ለካ ባለፈው ሳምንት ምርቃት ሳነሳ በአለቃዬ ትእዛዝ የካሜራውን ሻርፕ ከፍ አድርጌው፣ ሳልመልሰው ነው የመጣሁት። «ካሜራው ነው፣ ወንድሜ፤ እርስዎ አይደሉም» አልኩት። ወደ ዜሮ አወረድኩና እንደገና አነሳሁት። ረክቶ «አሁን ሰው መሰልኩ፤ ሂጂ፣ ለማርያምም እንዲህ አድርጊላት» ብሎ ሸኘኝ። እግዚአብሔር ይስጠው፤ ያለኝን አልረሳሁም፣ ግን አልጠበቅኩትም።

ብልባላ ስንደርስ ጎማ ፈነዳ፣ ሾፌሩም ነገ እንጂ ዛሬ አልሄድም አለ። አልጋ ሁሉ ተይዟል። ሽሮ የበላሁበት ቤት ባለቤት፣ እታገኝ ትባላለች፣ ስትዞር ስትዞር ቆይታ መጣችና «በይ ተነሺ፣ የእኔ አልጋ ላይ ነው የምታድሪ» አለችኝ። «አንቺስ?» ስላት «እኔማ ከእህቴ ጋር እያወራሁ አድራለሁ፤ ሰበብ ሆንሽኝ» አለች። ሐዋሳ ላይ አልጋዬን ለማላውቀው ሰው ለቅቄ አውቃለሁ ወይ ብዬ አሰብኩ። አላውቅም።

ሐሙስ

እኛ አገር ዓይን ወደ ፊት ሲመለከት ሐይቅ ላይ ያርፋል። እዚህ ግን የሚያርፍበት የለም፤ አንዱ ተራራ ሲያልቅ ሌላው ይጀምራል፣ በመሃል ገደል ነው። ከገደሉ ሥር ማሽላው ቀልቶ ቆሟል። እንዲህ እያልን ሰቆጣ ገባን።

አጎቴ በቅሎ ይዘው ጠበቁኝ። ጉልበታቸውን ስሜ ቀና ስል ለረጅም ጊዜ ፊቴን አዩ፤ ዓይናቸው ደክሟል፣ ቀረብ ካላሉ አይለዩም። «የእናትሽ አገጭ» አሉ በመጨረሻ። ላፕቶፑን በቅሎዋ ላይ እንጫነው ሲሉ እምቢ አልኩ፣ ብትጥለውስ?

«ይህች በቅሎ የቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት ስታመላልስ የኖረች ናት» አሉ። «ካንቺ ይልቅ እሷ ትጠነቀቃለች።»

እኔ ግን አቅፌው ሄድኩ። መኪና መንገዱን ለቅቀን አቀበቱን ስንያያዝ ሁለት ጊዜ አደናቀፈኝ፤ በቅሎዋ አንድም ጊዜ አላደናቀፋት። አጎቴ በየመሃሉ ዞር ብለው በቅሎዋን «ጎበዝ» ይሏታል።

ቤታቸው ስንደርስ ባለቤታቸው እታለም አለምነሽ የማሽላ ቂጣ በነጭ ማር አቀረበችልኝ። የሰቆጣን ማር ስትሰሙ ኖራችሁ ይሆናል፤ እኛ ዘንድ በጠርሙስ ከሚሸጠው ጋር ስሙ እንጂ ሌላው አይገናኝም። ጎረቤቶች መጥተው በኽምጣኛ ያወራሉ። የአፍ መፍቻዬ ነበር፤ አሁን ግን ዜማው እንጂ ቃሉ አይገባኝም። ሲስቁ አብሬ እስቃለሁ፣ ለምን እንደሳቅን ሳላውቅ።

ያን ማታ ስለ ሥዕሏ ብቻ ነበር የማስበው። በልጅነቴ እናቴ ከፍ አድርጋ ይዛኝ አይቻታለሁ፤ ሰማያዊ ልብስ፣ ሁለት ትልልቅ ዓይኖች። ሌላ የማስታውሰው የለም። ነገ አያታለሁ፣ ግድግዳው ሳይፈርስ አያታለሁ እያልኩ ተኛሁ።

ዓርብ

ጠዋት ስነሳ ልማደ አንስት መጥቶብኝ አገኘሁት። ጊዜው አልነበረም፤ መንገዱ ይሁን ጭንቀቱ አላውቅም፤ ብቻ መጣ።

እህቶቼ፣ ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ቤተ ክርስቲያን መግባት ቀረ። እሑድ ጣሪያው ይወርዳል። ከአንዱ የአገር ጫፍ ወደ ሌላው መጥቼ ደጇ ላይ ቀረሁ።

ለእታለም አለምነሽ በጆሮዋ ነገርኳት፣ እሷ ለአጎቴ ነገረቻቸው። እኔ ጓዳ ገብቼ አለቅሳለሁ። አጎቴ ከውጭ ሆነው «ወለተ ሐና!» ብለው ተጣሩ። «የፈጣሪ ሥራ ነው፣ ምን ያሳፍርሻል? ነይ ውጪ። ካሜራውን አሳዪኝ፤ እኔ እይዘዋለሁ።»

«እርስዎ? ዓይንዎ…»

«ካሜራው ዓይን አለው አይደል? እኔ እግር እሆነዋለሁ።»

ሌላ ሰው አልነበረም። ቄሰ ገበዙ፣ የቤተ ክርስቲያኑን ንብረት የሚጠብቁት፣ እንዲህ ያለ ነገር መንካት እፈራለሁ አሉ። ስለዚህ ከአጥሩ ውጭ፣ ከበሩ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ አጎቴን አስተማርኳቸው። ይህን ቁልፍ ግማሽ ድረስ ይጫኑ፣ «ጢጥ» ሲል እስከ መጨረሻው። ባለ ሦስት እግሩን ማቆሚያ እንደ መቋሚያ ተደግፈውት ይሰሙኛል።

«ግን መጥራቱን በምን አውቃለሁ?» አሉኝ።

ጥያቄው ልክ ነበር። በዚያች ትንሽ መስኮት፣ በዚያ ዓይን፣ ለስላሳውን ፎቶ ከተበላሸው ሊለዩ አይችሉም። ብዙ አሰብኩ። ጥሬው ፎቶ በሌላ በኩል ሳይነካ ይቀመጥልኛል፤ ስለዚህ የካሜራውን ሻርፕ እስከ ላይ ብሰቅለው ምን ይጎዳል? ጠርዙ ሁሉ ይጎላላቸዋል፣ መጥራት አለመጥራቱን ይለያሉ። የኬላው ሰውዬ ትዝ አለኝ፤ ቢሆንም ሰቀልኩት። «መስመሩ ጥርት ብሎ ከታየዎት ደህና ነው ማለት ነው» አልኳቸው።

ገቡ። ሲወጡ፣ ሲገቡ፣ ሲጠይቁኝ ፀሐዩ አናት ላይ ወጣ። «ጢጥ አላለም» ይሉኛል፤ «ቀረብ ብለዋል፣ ራቅ ይበሉ» እላለሁ። «ጨለመብኝ» ይላሉ፤ «መጋረጃውን ሙሉ በሙሉ ይግለጡት፣ የምዕራቡንም በር ይክፈቱ» እላለሁ። ዓይነ ስውር መሪ ሆኜ ነበር የምመራቸው፤ ግድግዳው ምን እንደሚመስል እኔ አላየሁትማ።

በመጨረሻ ፊታቸው በርቶ መጡ። «ጠራች! ጥርት ኩልል ብላ ጠራች!»

መስኮቱን አየሁት። አዎ፣ ሰማያዊው ልብስ፣ ትልልቆቹ ዓይኖች። አማተብኩ። ቀጥሎ ግን ከሁለቱም ዓይኖች ሥር ወደ ጉንጭ የሚወርድ ቀጭን ነጭ መስመር አየሁ፤ ብሩህ ነው፣ ያበራል።  ቄሰ ገበዙ ከትከሻዬ በላይ አንገታቸውን አስግገው ነበር።

«እንባ ነው» አሉ በዝግታ።

ከበሩ አጠገብ የነበሩ ሴቶች ተጠጉ። እማማ ለተብርሃን የሚባሉ አሮጊት እየተገፉ መጥተው አዩና እልልታቸውን ለቀቁት። ከዚያ ወዲያ ማን ማንን ይሰማል? በኽምጣኛ ያወራሉ፣ ቃሉ አይገባኝም፤ ግን ሁሉም ጣታቸውን ከዓይናቸው ሥር ወደ ጉንጫቸው እያወረዱ ያሳያሉ። ቤቴ ሊፈርስ ነው ብላ አለቀሰች እያሉ መሆኑን እታለም አለምነሽ ነገረችኝ።

«አጎቴ፣ እባክዎ ይመለሱና በባትሪ ይዩት» አልኳቸው። «ካሜራው ይሆናል።» ገብተው ቆይተው ወጡ። «ስንጥቅ አለ፤ ነጩን እኔ አላየሁትም። ግን በእኔ ዓይን ምን ይታመናል?» አሉ። እኔም ገብቼ ልይ አልል። የአጥሩ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብድግ ማለት ብቻ ሆነ ሥራዬ።

ቄሰ ገበዙ ስልክ አላቸው፣ ካሜራዬም ፎቶ ወደ ስልክ በአየር ይልካል። «ልየው ብቻ፣ ደጋግሜ ልየው» ብለው ለመኑኝ። እምቢ ማለት ከበደኝና ላክሁላቸው፤ የሚሄደው ደግሞ ካሜራው የሠራው ብቻ ነው። በኋላ ስፈልጋቸው የሉም። ኔትወርክ ያለበት ጉብታ ላይ ወጥተው ለሠዓሊው በቴሌግራም ልከውታል።

ላፕቶፔን ከፈትኩ፤ ባትሪው ሞቷል። መንደሩ ውስጥ ያለው ሶላር ከስልክ በላይ አይሸከምም። ጥሬው ፎቶ በእጄ ነው፣ ግን ማየት አልችልም። እውነቱ ጭኔ ላይ ተዘግቶ ተቀምጧል። ያን ሌሊት እንዴት እንዳለፈ አልናገርም።

ቅዳሜ

አጎቴ ምስማር የሚገዙ ስለነበር፣ እኔም ሠዓሊው ዘንድ ስለምሄድ አብረን ወረድን። አይሱዙ ጋቢና ውስጥ በሾፌሩና በአጎቴ መሃል ተጣብቄ ሰቆጣ ገባሁ። መንገዱን ሙሉ «ቢጀምረውስ?» እላለሁ፤ አጎቴ «እንግዲህ ከጀመረው ይጀምረው፤ አልጨረሰውም» ይላሉ።

ሠዓሊው፣ አቶ ክንፈ ይባላሉ፣ አጭር፣ ቀልደኛ፣ ጣታቸው በከሰል የጠቆረ ሰው ናቸው። ሸራውን ወጥረው በከሰል ነድፈውታል። ከሁለቱ ዓይኖች ሥር ሁለት መስመር ወርዷል።

«ይህ ካሜራሽ ይባረክ፣ እህቴ» አሉኝ። «ሠላሳ ጊዜ ገብቼ ተሳልሜያታለሁ፣ እንባዋን አንድም ቀን አላየሁም።»

«እኔም የምፈራው እሱን ነው» አልኩ።

ላፕቶፑን ቻርጅ ላይ ሰካሁ። እስኪነሳ ድረስ ውዳሴ ማርያም ደገምኩ፤ በልቤ ግን ምን እንደምለምን አላውቅም ነበር። እንባ እንዲሆን ነው? እንዳይሆን ነው? ጥሬው ፎቶ ተከፈተ። ለስላሳ፣ እንደ ጠዋት ጭጋግ ፈዘዝ ያለ። ከዓይኖቿ ሥር ጠቆር ያለ የስንጥቅ ምልክት አለ፤ ነጭ መስመር ግን አይታይም።

ለሠዓሊው አስረዳኋቸው። የሶፍትዌሩን መቆጣጠሪያ ትንሽ ገፋሁት፤ ሽፋሽፍቷ ጠራ። ጨመርኩ፤ የልብሷ እጥፋት ጠራ። ጨመርኩ፤ ከስንጥቁ ጎን ነጭ ነገር ብቅ አለ። እስከ ጫፍ ስገፋው እንባው ወረደ። አቶ ክንፈ ማውሱን ከእጄ ወሰዱና ራሳቸው ወደ ፊት ወደ ኋላ ያደርጉት ጀመር።

«ታለቅሳለች… አታለቅስም። ታለቅሳለች… አታለቅስም።» መጀመሪያ እየሳቁ ነበር። ከዚያ እጃቸውን አንስተው አማተቡ። «ግን እህቴ፣ ከምንም ነገር ምንም አይመጣም። እዚያ የሆነ ነገር አለ።»

«ስንጥቅ ነው። ካሜራው ነጩን ጨመረበት» አልኩ፤ በሙሉ ልቤ ነው ያልኩት።

«ሕዝቡ ወዶታል፤ ከጉብታው ላይ ስንት ሰው ደወለልኝ መሰለሽ? በመስቀሉ ሥር አልቅሳለች፣ እኛም ስታለቅስ እንሥላታለን። ምን ነውር አለው?»

አጎቴ እስከዚያ በር ላይ ተቀምጠው ነበር። «ነውርስ የለውም» አሉ። «ግን የእኛ ሥዕል አላለቀሰችም። እመቤታችን ልታለቅስ ብትፈቅድ የወለተ ሐናን ካሜራ አትጠብቅም፤ የእኛም ጭማሪ አያስፈልጋትም። አጥፋው፣ ክንፈ።»

አቶ ክንፈ ትንሽ አጉረመረሙ፣ ከዚያ ጨርቅ አንስተው ጠረጉት። ከሰል ሲጠረግ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም፤ ጥላው ይቀራል። «ቀለም ይሸፍነዋል» አሉኝ እያየሁት እንደሆነ ገብቷቸው። የፎቶውን ሻርፕ የት ላይ እንደማቆም አብረን ተስማማን፦ ሽፋሽፍቷ ጠርቶ፣ ስንጥቁ ሳይነጣ። ያንን ሰጠኋቸው። ምሳ ሽሮ ጋበዙን፤ «ሥዕል የሚያጠፋ ሰው አንድ ቀን ሙሉ ይርበዋል» እያሉ።

እሑድ

ጣሪያው የወረደ ቀን ነው። ከቅዳሴ በኋላ አጎቴ ለሕዝቡ ተናገሩ፤ እኔ ከአጥሩ ውጭ ሆኜ ሰማኋቸው። እንባው የካሜራ ሥራ ነው፣ ሥዕሏ እንደ ቀድሞዋ ትሣላለች አሉ። ከዚያ ቆርቆሮው እየተንኳኳ ሲወርድ ሌላ ድምፅ አልተሰማም።

እማማ ለተብርሃን ወደ በሩ መጡና ከፊቴ ቆሙ። በትራቸውን መሬት ላይ ተከሉ።

«እንባዋን የወሰድሽብን አንቺ ነሽ?»

«እማማ፣ እኔ አልወሰድኩም። አልነበረም።»

«አልነበረም ትላለች! ገብተሽ አይተሽዋል?»

 አልገባሁም። ያየሁት ሁሉ በካሜራና በኮምፒውተር መስኮት ነው። እማማ ለተብርሃን ከነጠላቸው ጫፍ ሽምብራ ቆሎ ፈትተው እጄ ላይ አፈሰሱልኝ። «እንኪ ቆርጥሚ። አጥንትሽ ወጥቷል፤ ሐዋሳ ምግብ የለም እንዴ?» ብለው ሄዱ።

ሰኞ

ልመለስ ጓዜን ጠቅልዬ ነበር፣ ግን እግሬ አልሄድ ስላለኝ ወደ አጥሩ ወረድኩ። ግድግዳውን እያፈረሱ ነው። ሥዕል ያለበትን ልስን ግን እንደ ተራ አፈር አይጥሉትም፤ ስብርባሪውን በነጭ ጨርቅ ሸፍነው በቅርጫት ያወጡና እግር በማይረግጠው ቦታ ይቀብሩታል። አጎቴ አንዱን ቅርጫት ይዘው ከበሩ ወጡ። እኔን ሲያዩ ቆሙ። ቅርጫቱን ድንጋዩ ላይ አሳርፈው ጨርቁን ገለጡት።

«ዛሬ እሷ ወጣችልሽ» አሉኝ።

ከላይ የነበረው ቁራጭ መዳፍ ያክላል። አንድ ዓይን ነው፣ ትልቁ ዓይን፣ ከነሽፋሽፍቱ። ከሠላሳ ዓመት በኋላ እንደገና ተያየን። ተንበረከክሁ። ከዓይኗ ሥር ስንጥቁ አለ። ፀሐዩ በጎን ሲመታው ደግሞ ከስንጥቁ ዳር፣ እንደ ጸጉር የቀጠነ፣ ነጭ መስመር ወደ ታች ይወርዳል። አለ። ካሜራው አጉልቶታል እንጂ አልፈጠረውም።

«አጎቴ» አልኩ። «አለ። እኔ የለም ብዬ…»

ጎንበስ ብለው፣ ዓይናቸውን እስኪነካ ድረስ አስጠግተው አዩት። በጣታቸው ጫፍ ዳሰስ አደረጉ። ጣታቸው ላይ ነጭ ብናኝ ቀረ።

«ጨው ነው» አሉ። «ስንት ክረምት ውሃው በዚህ ሲወርድ ኖሯል ማለት ነው። ደርቆ ጨው ሆኗል።» ወደ ባዶው ሰማይ፣ ጣሪያው ወደነበረበት ቀና አሉ። «ጣሪያው ነው ያለቀሰው፣ ወለተ ሐና። እሱንም አወረድነው።»

ጨርቁን መልሰው ሸፈኑና ሄዱ። እኔ መኪናው እንዳያመልጠኝ እየፈራሁ መጀመሪያ ወደ እማማ ለተብርሃን ቤት ሮጥኩ። ደጃቸው ላይ ሽምብራ ይለቅማሉ።

«እማማ፣ አየሁት። ነጭ መስመር ነበር። የውሃ ጨው ነው፤ ግን ነበር።»

«ነበር አይደል?»

«ነበር።»

«እሱን ነው እኮ የምልሽ» አሉ፣ ሽምብራቸውን ሳይለቁ። «በይ ሂጂ፤ መኪናው አይጠብቅሽም።»

ስለ መመለሻው መንገድ ብዙ አልጽፍም። ብልባላ ላይ እታገኝን ፈልጌ ነጭ ማር ሰጠኋት፤ ለእናንተ ያመጣሁት ያነሰው በዚያ ምክንያት ነው። ኬላው ላይ ያ ሰውዬ «አነሳሻት?» አለኝ። «አጎቴ አነሷት» አልኩት። አልገባውም፤ ግን «ደግ» ብሎ አሳለፈኝ።

አቶ ክንፈ ትናንት የሥዕሉን ፎቶ ላኩልኝ። ስለ ጨው ነግሬያቸው ነበር፤ «ጨው መሣል አልችልም» ብለው መለሱልኝ። ጉንጯ ንጹሕ ነው።

ከዚህ ጽሑፍ ጋር አጎቴ ያነሱትን ፎቶ፣ የግድግዳዋን፣ አትሜ ለእያንዳንዳችሁ አያይዣለሁ። አለቃዬ ሲያየው «ይህን ነገር ትንሽ አጥሪው እንጂ፣ ሰው ምን ይለናል?» አለኝ። ለሠዓሊው ከሰጠሁት አንድ ፍሬ እንኳ አልጨመርኩም። ስለዚህ በጸሎት ቤታችሁ ስትሰቅሉት ፈዘዝ ያለ ከመሰላችሁ፣ ዓይናችሁ ደክሞ አይደለም። እኔ ነኝ እዚያ ላይ ያቆምኩት።